ባይቀናኝ ምን በእጄ ይቀራል? በቴክ ሥራ የእድገት መንገድ ለምትመርጡ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሶፍትዌር መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት በር ተከፍቶላታል። የምትሠራበት ባንክ "የቡድን መሪ እናድርግሽ" ብሏታል። ሌላ ድርጅት ደግሞ ከፍ ባለ ደሞዝ በሲኒየር ኢንጂነርነት ይፈልጋታል፤ እዚያ ሰው አታስተዳድርም፣ ኮዷን ትጽፋለች፣ በቃ። ሦስተኛው አምስት ልጆች የጀመሩት ስታርትአፕ ነው። ደሞዙ አሁን ከምታገኘው ያንሳል፤ ግን የቴክኖሎጂ ኃላፊ ትሆናለች፣ ከድርጅቱም ድርሻ ይሰጧታል።

ወረቀቱ ላይ ለሦስቱም ዓምድ አስምራላቸዋለች። ደሞዝ፣ ማዕረግ፣ የሥራ ሰዓት፣ ከቤት ያለው ርቀት፣ ሁሉም ተሞልቷል። ማኪያቶዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። "ጋሼ፣ የቱ ያዋጣኛል?" አለችኝ።

ያን ቀን የሰጠኋት መልስ ጥሩ አልነበረም። "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ የትም ብትሄጂ ያልፍልሻል" አልኳት። ለጆሮ ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። ጎበዝ ሆነው ያላለፈላቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። መካከለኛ ሆነው ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡም አውቃለሁ። ማታ ሳስበው እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ደውዬ "ወረቀቱ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሪ" አልኳት። "ባይቀናኝ ምን በእጄ ይቀራል? ብለሽ ጻፊ።"

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ አንድ ረድፍ ምክንያት ነው። እንደሷ ምርጫ ፊት ለቆመ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሦስቱን እንለያቸው

እኛ ዘንድ ሰው ሲሳካለት ከሁለት አንዱን እንላለን። ወይ "ጭንቅላት አለው"፣ ወይ "የአርባ ቀን ዕድሉ ነው"። መሀል ላይ ያለው ይረሳል፤ ዓመታት ፈጅቶ፣ ተደጋግሞ ተሠርቶ የመጣው ክህሎት።

ተሰጥኦ አንድ ነገር ከሌላው ሰው ቶሎ ሲገባችሁ ነው። ክህሎት ብዙ ተሳስታችሁ፣ አርማችሁ፣ እጃችሁ ላይ የቀረው ነው። ዕድል ደግሞ ሎተሪ ብቻ አይደለም። የት ተወለዳችሁ፣ በየትኛው ዓመት ተመረቃችሁ፣ አጠገባችሁ ማን ተቀመጠ፣ ያ ሁሉ ዕድል ነው።

ሦስቱ እንዴት እንደሚጠላለፉ ለማየት ከማይክሮሶፍት መሥራቹ ከቢል ጌትስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጌትስ የተማረው ሲያትል ከተማ፣ ሌክሳይድ በሚባል የግል ትምህርት ቤት ነው። በ1968 የተማሪዎቹ እናቶች ማኅበር አሮጌ ዕቃ ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ለቴሌታይፕ ማሽንና ለኮምፒውተር ሰዓት ክፍያ አዋለው። ማሽኑ በስልክ መስመር ራቅ ካለ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ይገናኝ ነበር። ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው እኩያው ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

እናቶቹ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውሉትስ ኖሮ? ይሄ ዕድል ነው። ግን እዚያ ትምህርት ቤት የነበረ ተማሪ ሁሉ ጌትስ አልሆነም። እሱና በኋላ ማይክሮሶፍትን አብሮት የመሠረተው ፖል አለን ያችን ማሽን ቀንና ሌሊት አልለቀቋትም። ይሄ ተሰጥኦና ክህሎት ነው። አብሯቸው ደግሞ ኬንት ኢቫንስ የሚባል የጌትስ የቅርብ ጓደኛ ነበር። እሱም በጣም ጎበዝ ነበር፤ ወደፊት አብረው ስለሚሠሩት ሥራ ያወሩ ነበር። በ1972 ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ትምህርት ቤቱ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ጉብዝናውም የሚቀራረብ። ስለ ዕድል ሳስብ ከጌትስ ይልቅ ይሄ ልጅ ነው ቶሎ ትዝ የሚለኝ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1980 ይመጣል። ግዙፉ የኮምፒውተር ድርጅት አይቢኤም ለመጀመሪያው የግል ኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር ይፈልጋል። በጊዜው ዋናው ሲፒኤም ነበር። የጻፈው ጋሪ ኪልዳል ነው፤ በዚህ ሙያ ከጌትስ ቀድሞ የሄደ ሰው። የአይቢኤም ሰዎች ካሊፎርኒያ ድረስ ሄደው የኪልዳልን ድርጅት አነጋገሩ፤ አልተስማሙም። ጉዳዩ ወደ ጌትስ ድርጅት፣ ወደ ማይክሮሶፍት ዞረ። ማይክሮሶፍት በእጁ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልነበረውም። ሲያትል ውስጥ ከሚገኝ ትንሽ ድርጅት ቲም ፓተርሰን የጻፈውን ሲስተም ገዛ። በ1981 ሙሉ መብቱን ሲጠቀልል የከፈለው 50,000 ዶላር ነው።

እስከዚህ ድረስ "ዕድለኛ ነው" ማለት ይቻላል። ውሉን ስታዩ ግን ሌላ ነገር ይታያችኋል። ማይክሮሶፍት ሲስተሙን ለሌሎች ኮምፒውተር አምራቾችም የመሸጥ መብቱን በእጁ አስቀረ። ሌሎች ድርጅቶች የአይቢኤምን ኮምፒውተር እያስመሰሉ መሥራት ሲጀምሩ ገንዘቡ ከዚያች መብት ፈለቀ። በሩን ያንኳኳው ዕድል ነው። ያቺን መብት ውሉ ውስጥ ያስቀረው ግን የሰው ሥራ ነው። ከኮድ ክህሎትም ይለያል፤ የንግድ ዓይን ነው።

አንድ የኮምፒውተር ሙከራ

የጣሊያኗ ካታኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። ኮምፒውተር ውስጥ 1,000 ምናባዊ ሰዎችን ፈጠሩ። ሁሉም የሚጀምሩት በእኩል ሀብት ነው። ተሰጥኦ ተለያየላቸው፤ አብዛኛው መካከለኛ፣ ጥቂቱ በጣም ጎበዝ፣ ጥቂቱ ደካማ። ከዚያ 40 ዓመት "ሠሩ"። መጥፎ አጋጣሚ የነካው ሰው ሀብቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጎበዝ ሆነ ሰነፍ ለውጥ የለውም። መልካም አጋጣሚ ሲነካው ሀብቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የመሆኑ ነገር ግን በተሰጥኦው ልክ ነው።

መጨረሻ ላይ ከሁሉ የናጠጡት በጣም ጎበዞቹ አልነበሩም። ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ያሉ፣ መልካም አጋጣሚ የበዛላቸው ናቸው።

ይሄን አንብቦ "እንግዲህ መልፋት ምን ዋጋ አለው?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የሙከራውን ሕግ መልሳችሁ ተመልከቱት። አጋጣሚውን ወደ ፍሬ የሚለውጠው ተሰጥኦ ነው። ደግሞም ይሄ ሙከራ ነው እንጂ ሕይወት አይደለም። እውነተኛ ሰው ይማራል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ከወደቀበት ይነሳል። እዚያ ያሉት ምናባዊ ሰዎች ግን አንድ ቦታ ተተክለው አጋጣሚ እስኪነካቸው ይጠብቃሉ። እናንተ መንቀሳቀስ ትችላላችሁ። የመንገድ ምርጫ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ኮዱ ላይ መዝለቅ

ይህ መንገድ ክህሎትን ያስቀድማል። ሲኒየር ትሆናላችሁ፣ ከዚያ ስታፍ፣ ከዚያ ትልልቅ ሲስተሞችን የሚነድፍ አርክቴክት። ሰው አታስተዳድሩም፤ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ግን ሰው ወደናንተ ዞር ይላል። ይህም መሪነት ነው።

ስቲቭ ዎዝኒያክ የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ሲሠራ የሂውሌት ፓካርድ ተቀጣሪ ነበር። ሥራውን መልቀቅ አልፈለገም። ምኞቱ ዕድሜ ልኩን ኢንጂነር ሆኖ መኖር ነበር። አንድ ጓደኛው "ድርጅት መሥርተህም ኢንጂነር ሆነህ መቅረት ትችላለህ፣ ማኔጀር መሆን ግዴታህ አይደለም" ሲለው ነው የቆረጠው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ሰውየው ራሱን ስለሚያውቅ ነው።

ክህሎት በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ሌሊት እንሠራበት የነበረው የክፍያ ሲስተም ቆመ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አምስት ሰው ስልክ ላይ ነን። ሁሉም ይናገራል፤ "ሰርቨሩን እናስነሳው፣ ትናንት የተለወጠውን ኮድ እንመልሰው" ይላል። አንድ ነባር ኢንጂነር ነበር። አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም አልነካም። ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ መስመር በመስመር ያነብባል። ከዚያ ቀስ ብሎ "የሁለቱን ሰርቨር ሰዓት እዩት" አለ። አየነው፤ በስድስት ደቂቃ ይለያያል። አንደኛው ሰርቨር የሌላኛውን የይለፍ ፈቃድ "ጊዜው አልፎበታል" እያለ ይጥለዋል። ሰዓቱን አስተካከልን፣ ሲስተሙ ተነሳ። በማግስቱ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት። ከዓመታት በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት ሳለ በዚሁ ችግር ሁለት ቀን ታሽቶ ነበር።

እነዚያ ሁለት ቀናት የትም ቢሄድ አብረውት ይሄዳሉ። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፤ ባይቀናችሁም ክህሎቱ ከናንተ ጋር ይወጣል። አዲስ አበባ የተወለደችውን ትምኒት ገብሩን አስቡ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊት አይቶ ጾታ ሲለይ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ አብዝቶ እንደሚሳሳት በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያሳየች ተመራማሪ ናት። ጉግል ውስጥ የሥነ ምግባር ቡድን በጋራ ትመራ ነበር። በታኅሣሥ 2020 አንድ የጥናት ጽሑፍ ባስነሳው ውዝግብ ከጉግል ወጣች፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ድርጅቱ ደግሞ መልቀቂያዋን ተቀበልኩ ይላል። ልክ በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም ከፈተች። ማዕረጉ ቀረ። እውቀቷና በሥራዋ ያመኑ ሰዎች ግን አብረዋት ነበሩ።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ክህሎት ያረጃል። አዶቤ ፍላሽን፣ ያን ድረ ገጽ ላይ እንቅስቃሴና ጨዋታ የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ በ2020 መጨረሻ ሲያቆም ፍላሽ ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። ኔትወርክ፣ ዳታቤዝ፣ የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ፣ ስህተት አድኖ ማግኘት፣ እነዚህ ቶሎ አያረጁም። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አፍሱ።

ሁለተኛው ለኛ አገር ይብሳል። በብዙ መሥሪያ ቤት የደሞዝ ስኬሉ ከሥራ መደቡ ጋር የታሰረ ነው። "ኃላፊ" ካልተባላችሁ ጣሪያው ቅርብ ነው። ስለዚህ ቅጥር ስትነጋገሩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "እዚህ ቤት የማኔጀር ያህል የሚከፈለው ኢንጂነር አለ?" አለ ካሉ ሰውየውን ለማግኘት ሞክሩ። ከሌለ፣ የሚነግሯችሁ የእድገት መሰላል ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሰው መምራት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ጎበዝ ፕሮግራመር ጥሩ ማኔጀር ይሆናል ብለን እናስባለን።

ጉግል በ2002 አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። የኢንጂነሪንግ ማኔጀሮችን አስወግዶ ሁሉም እኩል ሆኖ ይሥራ አለ። ከጥቂት ወር በላይ አልቆየም፤ የወጪ ማስፈቀጃውም፣ የሰው ጠቡም፣ ሁሉም የድርጅቱ መሥራች ላሪ ፔጅ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ከዓመታት በኋላ ጥሩ ማኔጀርን ጥሩ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ጉግል የራሱን ሠራተኞች አጠና። በ2011 የታወቀው ውጤት ስምንት ነጥብ ነበረው። አንደኛው ሰውን ማሠልጠንና ማገዝ ነው። ቴክኒካዊ ክህሎት ከስምንቱ መጨረሻ ላይ መጣ።

ይሄ ውጤት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። መጨረሻ ላይ መጣ እንጂ ከዝርዝሩ አልወጣም። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ በሠራተኞች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አለቃቸው የነሱን ሥራ መሥራት የሚችል ሰዎች በሥራቸው የበለጠ ደስተኞች መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ አይጋጩም። ሥራውን ማወቅ አለባችሁ፤ ከቡድኑ ሁሉ የበለጣችሁ መሆን ግን የለባችሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ስመራ አንድ ወጣት ልጅ ነበረኝ። ሥራ እሰጠዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሲቆይ ተቀብዬ እኔ እጨርሰዋለሁ። እኔ በሦስት ሰዓት እጨርሰዋለሁ። ቡድኑን የረዳሁ ይመስለኝ ነበር። ልጁ እየቆየ ዝም አለ። ስብሰባ ላይ አይናገርም፣ ጥያቄ አይጠይቅም። አንድ ቀን ለብቻችን ቁጭ ብለን "ምን ሆንክ?" አልኩት። ብዕሩን እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ "ሥራዬን አንተ ትሠራዋለህ። እኔ ምን ልሥራ?" አለኝ። እስከዛሬ ድምፁ ይሰማኛል። በቴክኒክ ከሱ እሻል ነበር፤ የኔ መሻል ግን ለሱ ምንም አልፈየደለትም።

ስለዚህ ይህን መንገድ ለመምረጥ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሌላ ሰው በቀስታ ሲሠራ ቁጭ ብዬ ማየት እችላለሁ? ሰው ሲሳካለት ስሜ ባይጠራም ደስ ይለኛል? መጥፎ ዜና ፊት ለፊት መናገር እችላለሁ? የተሰጥኦ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። መስማት የሚችሉ ሰዎች አሉ፣ ከልጅነታቸው። ሌሎቻችን እንማረዋለን፤ መማር ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ወደ ላይ የወጡትን ብታዩ መንገዳቸው አንድ አይደለም። ሳትያ ናዴላ ሕንድ አገር ሃይደራባድ ተወልዶ፣ ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ ማይክሮሶፍት የገባው በ1992 ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው በየካቲት 2014፣ 22 ዓመት እዚያው ከሠራ በኋላ ነው። ወንበሩ ሲለቀቅ እሱ የሚመራው ክፍል የድርጅቱ የወደፊት ተስፋ የሆነው ክላውድ፣ ማለትም የኮምፒውተር አቅምን በኢንተርኔት የሚያከራየው ሥራ ነበር። ዕድል በሉት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ግን ዕድል አይባልም። ሊሳ ሱ ከኤምአይቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዶክትሬት ያላት የቺፕ ባለሙያ ናት። በ2014 ሊወድቅ የተቃረበውን ኤኤምዲን ተረክባ በ2017 በወጡት ራይዘን ቺፖች አነሳችው። እዚያ ላይ የቴክኒክ እውቀቷ ዋናው ነገር ነበር፤ የትኛውን ቺፕ ትተን የትኛውን እንሥራ የሚለውን ለመወሰን ቺፕ ማወቅ ያስፈልጋል። አፕልን የመራው ቲም ኩክ ደግሞ ፕሮግራመር አይደለም። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ነው። በ1998 አፕል ገብቶ መጋዘን የሞላውን ዕቃ አራገፈ፣ የአቅርቦቱን ሰንሰለት አስተካከለ። የሱ ክህሎት እሱ ነበር። ቦታው የሚጠይቀውን ክህሎት ይዞ መገኘት ነው ዋናው።

ባይቀናችሁስ? ከሦስቱ መንገዶች እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የምመክረው። የማኔጀር እውቀት ግማሹ የመሥሪያ ቤቱ እውቀት ነው፤ ማንን ማናገር እንዳለባችሁ፣ በጀት እንዴት እንደሚፈቀድ፣ የትኛው ኃላፊ ምን እንደሚወድ። ስትወጡ ያ ግማሽ እዚያው ይቀራል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኛ ቀነሰ። በመጋቢት 2023 ሌላ 10,000 ገደማ እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ የማኔጀር እርከኖችን እንደሚያሳንስ ገለጸ፤ ብዙ ማኔጀሮችም ወደ ተራ ባለሙያነት እንዲመለሱ ተጠየቁ። ኮድ ከጻፉ ስድስት ሰባት ዓመት ላለፋቸው ይሄ ቀላል አይደለም። ማኔጀር ከሆናችሁ እጃችሁ እንዳይደርቅ አድርጉ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሰው ኮድ አንብቡ፣ ትንሽ ስህተት አርሙ፣ ተረኛ የሆነው ሰው ምን እንደሚያጋጥመው እወቁ።

ስታርትአፕ

እዚህ ዕድል ከሁሉም ይበልጣል። ግልጽ ብሎ መነገር አለበት።

ስቱዋርት በተርፊልድ የኢንተርኔት ጨዋታ ሊሠራ ተነሳ፣ አልሆነም፤ ከዚያ ፍርስራሽ ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ወጣ፣ በ2005 ያሁ ገዛው። ሌላ ጨዋታ ሠራ፣ ግሊች ይባላል፣ በ2012 ተዘጋ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ለመነጋገር የሠሯትን መሣሪያ ግን ያዙ። ስላክ የምንለው እሱ ነው። የሶፍትዌር ድርጅቱ ሴልስፎርስ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሁለት ጊዜ ያለመው አልሆነለትም፣ ሁለት ጊዜ ያላለመው ሆነለት። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጊዜ ጥሩ ቡድን አብሮት ነበር፤ መሣሪያውም የሠራተኞቹ እጅ ሥራ ነው።

የቺፕ ድርጅቱ ኤንቪዲያም እንዲሁ ነው። በ1993 ተመሠረተ። የመጀመሪያ ቺፑ ከሸፈ። ከጨዋታ ድርጅቱ ከሴጋ ጋር የጀመሩትም ሥራ በተሳሳተ ንድፍ ላይ እንደቆመ መሥራቹ ጄንሰን ሁዋንግ ራሱ ሄዶ ነገራቸው፤ ሴጋም 5 ሚሊዮን ዶላር አስገባለት። ያ ገንዘብ ባይገኝ ድርጅቱ አይተርፍም ነበር። በ2006 የጨዋታ ቺፖቹን ለሌላ ስሌት የሚያውል ኩዳ የሚባል ሶፍትዌር ይፋ አደረጉ። ዓመታት ወጪ እንጂ ትርፍ አልታየበትም። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት የጨዋታ ካርድ ተጠቅመው በምስል መለየት ውድድር ሁሉንም ጥለው አለፉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ሁሉ ቺፖቹን ፈለገ። ተመራማሪዎቹ መምጣታቸው ዕድል ነው። ሲመጡ መሣሪያው ተዘጋጅቶ መጠበቁ ሥራ ነው።

እንግዲህ እነዚህ የተረፉት ናቸው። ያልተረፉትን ስም ስለማናውቅ አንጠራቸውም። ቁጥራቸው ግን ይበዛል።

የኛ አገር ስታርትአፕ ደግሞ የራሱ ዕድል አለው፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ የውጭ ምንዛሬ ይጠፋል፣ መመሪያ ይለወጣል። ግን መመሪያ ሲለወጥ በርም ይከፈታል። ብሔራዊ ባንክ በ2020 ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የሞባይል ገንዘብ እንዲሠሩ ፈቀደ። ቴሌብር በግንቦት 2021 ጀመረ። ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት ጀመረ፣ በማግስቱ ዓመት ኤምፔሳን አመጣ። ከዚያ በፊት የክፍያ ሲስተም የሚያውቅ ሰው ገበያው ጠባብ ነበር፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ተፈላጊ ሆነ። በሩ መቼ እንደሚከፈት የተነበየ የለም። በሩ ሲከፈት ግን ሥራውን የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ።

ስታርትአፕ ሲጠራችሁ ድርሻችሁን ዜሮ ብላችሁ አስሉት። ዜሮ ከሆነም መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ ሂዱ። የምትማሩት ነገር፣ አብራችሁ የምትሠሩት ሰው፣ በስማችሁ ቆሞ የሚታይ ሥራ፣ እነዚህ በእጃችሁ ይቀራሉ። ድርሻው ብቻ ከሆነ የሚስባችሁ ተዉት። ድርሻውም ቢሆን በቃል አይሆንም፤ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ይፈረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከኛ ብዙዎቻችን ብቻችንን አይደለንም። የታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ አለ። ወላጁ የሚደግፈው ልጅ ሦስት ጊዜ መውደቅ ይችላል። ቤተሰብ የሚጠብቀው ልጅ አንዴ ሲወድቅ አብሮት የሚወድቅ አለ። ይህ የድፍረት ማነስ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። የስድስት ወር ወጪ ሳይዛችሁ አትግቡ፤ ከያዛችሁ ደግሞ አትፍሩ።

ዕድል የሚያልፍበት መንገድ ላይ መቆም

ዲቪ ሞልቶ የደረሰው ሰው በየቤተሰባችን አለ። ከዚያ የጠራ ዕድል የለም፤ ጭንቅላት አይለይም። ዋሽንግተን አካባቢ ግን አብረው ዲቪ ደርሷቸው የሄዱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። ሁለቱም ፓርኪንግ ጀመሩ። አንደኛው ማታ ማታ የኔትወርክ ትምህርት ይማር ነበር፤ ከሚማሩት ጋር ተዋወቀ፣ ከነሱ አንዱ የመጀመሪያ ሥራውን ጠቆመው። ሌላኛው ከሱ ያላነሰ ጎበዝ ነው፤ ሁለት ሥራ ይሠራ ስለነበር ጊዜ አልነበረውም። በሱ መፍረድ አልችልም። ልዩነቱ ግን ያ ነው፤ አንዱ በሳምንት ሦስት ቀን ዕድል ሊያልፍበት የሚችል ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ መንገዶቹን ስታወዳድሩ እዚያ ስንት ሰው ሥራዬን ያየዋል ብላችሁ ጠይቁ። ጥግ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ድንቅ ኮድ ማንም ካላየው ዕድል አያገኛችሁም። "ሙያ በልብ ነው" ብለው ነው ያሳደጉን፤ እወደዋለሁ። ግን የሠራችሁትን በግልጽ ማስረዳት ጉራ አይደለም። የቡድን ስብሰባ ላይ ለአሥር ደቂቃ ማቅረብ፣ አዲስ ገቢን ማስተማር፣ የተፈታ ችግርን ጽፎ ማስቀመጥ፣ በሩ የሚከፈተው እንዲህ ነው።

ስንት ጊዜ መሞከር እንደምትችሉም አስቡ። አንድ ምርጫ ላይ አምስት ዓመት ተጣብቃችሁ ከምትጠብቁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የሚያሳያችሁን ምረጡ። ቶሎ የሚያሳውቅ መንገድ ደግማችሁ ለመሞከር ጊዜ ይተውላችኋል።

ወረቀቱ

የአክስቴ ልጅ ያንን ረድፍ ሞላችው። ስታርትአፑ ሥር "ብዙ ልምድ፣ ግን ደሞዝ የለም፤ የእማዬ ኪራይስ?" ብላ ጻፈች። ሲኒየር ኢንጂነርነቱ ሥር "ጥሩ ክህሎት፣ ግን ሥራዬን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ"። የቡድን መሪነቱ ሥር መጀመሪያ ምንም አልጻፈችም። ከዚያ "ካልሆነልኝ ኮዱን ረስቼ እቀራለሁ" አለች።

"እሱን እነሱን ጠይቂያቸው" አልኳት።

ጠየቀቻቸው። የቡድን መሪነቱን ለስድስት ወር በሙከራ ትወስዳለች፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ኮድ ትጽፋለች፤ ካልተስማማት በነበረችበት ደረጃና ደሞዝ ትመለሳለች። አለቃዋ ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ተስማማ። በኢሜይል ጻፉላት።

ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ኮድ ትጽፋለች፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በስብሰባ የተቀማችው። ቡድኗ ውስጥ አንዲት አዲስ ልጅ አለች፣ ቀስ ብላ የምትሠራ። "እጄን ይበላኛል ጋሼ፣ ተቀብዬ ልጨርሰው ይላል" አለችኝ። "ታዲያ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።"